ከመርዶው ግርጌ ስልክ ቁጥር ነበር

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ
ኦክቶበር 3፣ 2024

ለእትዬ ሰገነት፣

በእማዬ ስልክ ላይ የተዉትን ድምፅ ሰማሁት። እማዬ «ላንቺም ነው፣ ስሚው» ብላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኝ ሬስቶራንቷ ገባች። አራት ጊዜ ሰማሁት። «ማነው የጻፈው? ይህን ሁሉ ማን ነገራቸው?» ይላል።

እኔ ነኝ የጻፍኩት።

ይህን በስልክ መናገር አልችልም። ቁጥሬን እንደዘጉት አውቃለሁ፤ ባይዘጉትም አልችልም ነበር። እኛ ቤት ሶፋው ላይ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሲኖሩ «የዚህችን ልጅ ምላስ ኤርፖርት ላይ ነው የወሰዱባት» እያሉ ይስቁብኝ አልነበር? አሁንም እንደዚያው ነኝ። በወረቀት ሲሆን ግን ትንሽ እችላለሁ። ፊደሌ የሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ስለሆነ ካስቸገረዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ። እርስዎ የጥገኝነት ኬዝዎን አሸንፈው ወደ ሱ ፎልስ ከሄዱ በኋላ የጠበቃዎን ሐበሻ ደንበኞች የሚቀበለው ጋሼ ክፍሉ ኦፊሷ ውስጥ ሥራ ሰጠኝ። ትምህርቱን ኦንላይን አድርጌው ቤት እንደምውል ያውቃል፤ ከእርስዎ ጋር ለቀጠሮ ስመጣም አማርኛ ስጽፍ አይቶኛል። ሥራው ደንበኛ የሚያመጣ ጽሑፍ መጻፍ ነው። ሰው ጠበቃ ሲፈልግ ጎግል ላይ የሚጽፈውን ቃል ጽሑፉ ውስጥ ሦስት ጊዜ ማስገባት አለብኝ። «ጥሩ የአሳይለም ጠበቃ» የሚለውን ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥር ይደረጋል። በሳምንት ሁለት ጽሑፍ ፌስቡክ ላይና ዌብሳይቱ ላይ ይወጣል።

ስለ ፎርም ስጽፍ ማንም አያነብም። የሰው ታሪክ ስጽፍ ግን ይነበባል። ሴፕቴምበር ላይ ጋሼ ክፍሉ «ጠንከር ያለ የደንበኛ ታሪክ አምጪ» አለኝ። ከእርስዎ ሌላ የማን ታሪክ አውቃለሁ? በቀጠሮው ሁሉ እያስተረጎምኩ አጠገብዎ ነበርኩ።

እናትዎ እንዳልተነገራቸው ረስቼ አይደለም። ወንድምዎ አምሃ ኮሎምቢያና ፓናማ መሐል ያለው ጫካ ውስጥ መቅረቱን እንዳልሰሙ አውቅ ነበር። ሜክሲኮ ሥራ ይዟል፣ ስልክ አይፈቅዱለትም እንደሚባሉም አውቅ ነበር። «ሰላም ብሎሻል እማዬ» ሲሏቸው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ግን ስምዎን ቀይሬዋለሁ፣ ፎቶም የለውም። ለሎስ አንጀለስ ሰው ብቻ የጻፍኩ መሰለኝ። ከዚህ ደብረ ብርሃን እናትዎ ቤት ድረስ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም።

እናትዎ እንዴት እንደሰሙ ቢነግሩኝ። ባይነግሩኝም ይገባኛል።

እየሩስ

∗

ሱ ፎልስ
ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እየሩስ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጀምርም። ደህና ብትሆኚም ባትሆኚም ዛሬ መስማት አልፈልግም። ደብዳቤሽን የሥጋ ፋብሪካው ምሳ ክፍል ውስጥ፣ ጓንቴን አውልቄ አነበብኩት። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «ቢል ነው?» አለችኝ። «አዎ ቢል ነው» አልኳት።

እንዴት ሰማች ብለሻል። እሺ፣ ስሚ። የጎረቤታችን ልጅ ሲቲና ስልክ ስትነካካ አገኘችው። አሜሪካ ገብታ የተሳካላት ሴት ታሪክ ስለሆነ፣ እናቴ ትንሽ ደስ ይበላት ብላ ጮክ ብላ አነበበችላት። እናቴ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ልጅቷ «ወለተ ኪሮስ ከታናሽ ወንድሟ ከኪዳነ ማርያም ጋር» ስትል «ቆይ እስቲ፣ ድገሚው» አለቻት። ደገመችላት። «ቀጥይ» አለቻት። እስከ መጨረሻው አስነበበቻት እየሩስ። «ለእርስዎም ጥሩ የአሳይለም ጠበቃ ካስፈለገዎ ዛሬውኑ ይደውሉ፣ የመጀመሪያው ምክር በነፃ ነው» እስከሚለው ድረስ። ቁጥሩንም አንብባላታለች፤ ምን ታውቃለች፣ ልጅ ናት።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናትሽን ጠይቂያት። ሽማግሌ ተልኮ፣ የነፍስ አባት ተጠርተው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በማለዳ ነው። ሐዘንተኛዋ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው አስቀድሞ በግራና በቀኝ ይቀመጣል። እኔ ይህን ሁሉ ላደርግ ነበር። ለፋሲካ ማግስት አልኩ፣ ከዚያ ለክረምቱ መውጫ አልኩ፣ ከዚያ ለመስቀል። ማቆየቱ የኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ግን እናቴን የያዛት ማነው? የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ በአንድ እጇ ስልክ ይዛ።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛ፣ እነዚያን ስሞች ከየት አመጣሻቸው? በክርስትና ስማችን የምትጠራን እናቴ ብቻ ናት። ሁለተኛ፣ አምሃ የሞተው እጄን እንደያዘ ነው ይላል ጽሑፉ። እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኩት? ጠበቃዋ ፊት የተናገርኩትን ሁሉ አላስታውስም። ስለዚህ እውነቱን ንገሪኝ።

ጽሑፉን አውርዱት። ዛሬ።

ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ ያልሽኝ? ሶፋ ላይ እግርሽን ጭነሽብኝ ፊልም ያየሽ ልጅ። ከሁሉም እሱ ነው ያናደደኝ።

ሰገነት

∗

ሎስ አንጀለስ
ኦክቶበር 20፣ 2024

እትዬ፣

እሺ፣ አንቺ እላለሁ። ያንን ያደረግኩት ከጥፋቴ በኋላ እንደ ድሮው መጥራት አፍሬ ነው።

ስሞቹን የነገርሽኝ አንቺው ነሽ፣ ሳታውቂ። ቤተ ክርስቲያን ሙታን ሲታሰቡ ስማቸው እንዲጠራ በየወሩ ወረቀት ትሰጪኝ አልነበር? ሰው አይቶሽ «ማን ሞቶባት ነው» እንዳይል እኔን ትልኪኝ ነበር። አጣጥፈሽ ነበር የምትሰጪኝ፤ እኔ ግን ከፍቼ አይቼዋለሁ። «ኪዳነ ማርያም» ብቻ ይላል። ያንቺን ደግሞ ቄሱ ሲጠይቁሽ ስትመልሺላቸው ሰማሁ።

ጋሼ ክፍሉ «ስሟን ቀይሪው፣ ሄለን በያት» ብሎኝ ነበር። ሄለን ብዬ ሁለት መስመር ጻፍኩ። ሌላ ሴት ሆነችብኝ። ያንቺ የሆነ ግን ማንም የማያውቀው ስም ፈለግኩ። እዚህ ፌርፋክስ ላይ ሰገነትን እንጂ ወለተ ኪሮስን ማን ያውቃል ብዬ። ማንም የማያውቀው ያልኩትን ስም የምታውቅ አንዲት ሴት እንዳለች አላሰብኩም። ከሰው ሁሉ ደብቄሽ ለእሷ ብቻ ነው የጻፍኩት።

የእጁ ነገር።

አንቺ አላልሽም። አንቺ ያልሽው «ቀድሜው ሄድኩ፤ ይከተለኛል ብዬ» ነው። ጠበቃዋ ውኃ ሰጠችሽ፣ አልጠጣሽውም። እኔም መጀመሪያ የጻፍኩት እንደዚያ ነበር። ጋሼ ክፍሉ አነበበውና መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄ ምንድነው? ጥላው ሄደች?»

«አልጣለችውም። ይከተለኛል ብላ ነው።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ለዳኛው ይበቃል። ፌስቡክ ላይ ግን ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ይፈርድባትና ያልፋል። አሥራ ስምንት ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ተሳፋሪ መንገዱን ይረሳል፣ የወረደበትን ቦታ ግን አይረሳም። መውረጃውን አሳምሪለት።»

እጁን በይ አላለኝም። እኔ ነኝ ያልኩት። «እጁ በእጇ ውስጥ እንዳለ አረፈ» ብዬ ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም ልንገርሽ። ላንቺ ያደረግኩልሽ ነገር መሰለኝ። እንደዚያ ሆኖ ቢሆን ብዬ ስለተመኘሁልሽ፣ የሆነ መሰለኝ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ኦፊስ ሄድኩ። «ጋሼ፣ አውርደው» አልኩት።

«ምኑን?»

«የእትዬ ሰገነትን። አውርደው!»

«እሰይ! ይቺ ልጅ ድምፅ አላት ለካ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ሳቁን አቆመ። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ፓርክ የሚያደርጉትን መኪናዎች ሲያይ ቆየ። «ሥላሴን አላወቅኩም» አለ። «እኔም የአባቴን መርዶ የተረዳሁት በስልክ ነው፣ ያውም ሰው ጭኜ ፍሪዌይ ላይ።» ማውረድ ግን የእሱ ሥልጣን አይደለም። እንደዚያ ጽሑፍ የተነበበ የለም፣ ብዙ ሰው በእሱ ነው የደወለው። ጠበቃዋን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። «ደግሞስ ፈርማለች» አለኝ።

ፈርመሻል እትዬ። ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ቀን ብዙ ወረቀት ሰጡን። ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ላይ «ይሄስ ምን ይላል?» አልሽኝ። በደንብ አላነበብኩትም። እንግሊዝኛው ረጅም ነበር፣ ሰዎቹ እየጠበቁን ነበር፣ አፈርኩ። «ያው የተለመደው ነው፣ ሁሉም ሰው ይፈርመዋል» አልኩሽ። ታሪክሽን ለማስታወቂያ እንዲጠቀሙበት የምትፈቅጂበት ወረቀት ነበር። ጋሼ ክፍሉ አውጥቶ አሳየኝ። ፊርማሽ ከታች አለ። አጠገቡ ባስተርጓሚ ቦታ የኔ ስም አለ።

ጠበቃዋ ማክሰኞ ማክሰኞ ፓሳዴና ኦፊስ ነው የምትውለው። ከነገ ወዲያ በባቡር እሄዳለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ።

እየሩስ

∗

ሱ ፎልስ
ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እየሩስ፣

ቶሎ ይድረስሽ ብዬ ነው፣ ሰላምታ የለውም።

ጽሑፉን እንዳታወርዱት።

ትናንት እናቴ ደወለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ራሷ ስትደውል የመጀመሪያዋ ነው፤ እስካሁን እኔ ስደውል «ተኝታለች» ነበር የሚሉኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። አልጮኸችም። «ስንት ጊዜ ዋሸሽኝ» አላለችም። «እጁን ይዘሽው ነበር አይደል?» አለችኝ።

ደብዳቤሽ የሥራ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነበር። የእጁን ነገር የጻፍሽበትን ገጽ በዚያው ቀን ነበር ያነበብኩት።

«አዎ» አልኳት።

«ይሞቅ ነበር?»

«አዎ እማዬ። ይሞቅ ነበር።»

«እንኳን ብቻውን አልሆነ» አለች። ከዚያ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነገረችኝ። ከመርዶው በኋላ ስለ ሌላ ነገር ስታወራ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።

ሲቲና ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት በየጠዋቱ ያችን ቦታ ታነብላታለች አሉኝ። ያችን ቦታ ብቻ። ስለዚህ ተዉት። ውሸቱን አንቺ ጀመርሽው፣ እኔ ጨረስኩት። አንቺን ለመቆጣት አፍ የለኝም አሁን፤ እሱንም ወሰድሽብኝ።

ሰገነት

∗

ሎስ አንጀለስ
ኖቬምበር 2፣ 2024

እትዬ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ነው። ጽሑፉ የወረደው ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ነው።

ፓሳዴና ሄጄ ነበር። እንግዳ መቀበያው ጋ ቁጭ ብዬ ወረቀቴን ሃያ ጊዜ አነበብኩት። ጠበቃዋ ስትጠራኝ ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት ሁሉ ጠፋኝና «እናትየዋ ከእኛ ነው የሰማችው» አልኳት። ያ ብቻ ነው የወጣኝ። ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ስለ ፎርሙ ስነግራት ደግሞ ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ አየችው። ወዲያው ደውላ ከዌብሳይቱም ከፌስቡክም አስጠፋችው። ሌላ ሰው ሼር ያደረገውም ሲከፈት ባዶ ነው። እኔ ደግሞ በባቡሩ ስመለስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር በትክክል አደረግኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሲቲና በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ከፍታ አጥታው ይሆናል። እናትሽን ምን አለቻቸው? ይህን ሳስብ ምግብ አልበላም ብዬ እማዬ ተቆጣችኝ።

የመጀመሪያው ኮፒ ኮምፒውተሬ ላይ አለ። ኦፊሱ እንደገና እንዲያወጣው መጠየቅ አልችልም፤ እኔ ነኝ አስወርዱልኝ ያልኩት። ስለዚህ በእጄ ገለበጥኩት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለው አራት ገጽ እሱ ነው። ሦስቱን «ጥሩ የአሳይለም ጠበቃ» አውጥቻቸዋለሁ። ስልክ ቁጥሩንም። እነሱ ሲወጡ ትንሽ አጠረ፣ ግን ይነበባል።

አራተኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር ባዶ አለ። ረስቼው አይደለም። የእጁ ቦታ ነው። እጁን ብዬ ልጽፈው ብዕሩን አነሳሁ፤ ከዚያ «ቀድሜው ሄድኩ» ብዬ ልጽፈው ደግሞ አነሳሁ። እስከ ዛሬ ያንቺን ነገር የጻፍኩት ሁሉ ሳልጠይቅሽ ነው። ፊርማሽን እንኳን ሳልጠይቅሽ ነው ያስፈረምኩሽ። ይህን መስመር ግን አልጽፍም። የፈለግሽውን ጻፊበት። እጁን ብለሽ ብትጽፊም እኔ እስክሞት ለማንም አልናገርም። መናገር እንደማልወድ ታውቂያለሽ።

ኦፊሱን አልተውኩም። ልተወው ነበር። ጠበቃዋ ግን ያንን ፎርም ለሚፈርመው ሰው ሁሉ ቃል በቃል በአማርኛ እንዳነብለት አደረገችኝ። ጮክ ብዬ ነው የማነበው። በዚህ ሳምንት ሁለት ሰው «እንደዚያ ከሆነማ አልፈርምም» አሉ። ጋሼ ክፍሉ «ድምፅ ይስጣት ብዬ የጸለይኩት ለዚህ ነበር?» ይላል፤ ግን አልተቆጣም።

ይቅር በይኝ ብዬ ጽፌ አላውቅም፣ ተመልሼ ሳይ። በሁሉም ደብዳቤ ላይ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። ይቅር በይኝ።

እየሩስ

∗

ሱ ፎልስ
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እየሩስ፣

እንዴት ከርመሻል? እናትሽስ? ወገቧን ተሻላት? እዚህ በረዶው ጀምሯል። ሥጋ ፋብሪካው ውስጥ ከውጭው ይሞቃል ብልሽ አታምኚኝም።

አራቱ ገጽ ደረሰኝ። ስለ ሲቲና ባልሽው አትጨነቂ፤ ብልጥ ልጅ ናት። ፌስቡኩ ባዶ ሲሆንባት ለእናቴ አልነገረቻትም። ስልኩን ይዛ ያነበበች እየመሰለች በቃሏ ትላት ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እሷም በኛ ምክንያት መዋሸት ጀመረች። ይህን ስሰማ ነው የመረረኝ።

ባዶውን መስመር ሁለት ሳምንት ፍሪጁ ላይ ለጥፌ አየሁት። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ጻፍኩት። ከዚያ አራቱንም ገጽ ፎቶ አንስቼ ለነፍስ አባታችን ልጅ ላክሁት። የነፍስ አባታችን ራሳቸው ሄደው እንዲያነቡላት ለመንኳቸው። በማለዳ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር፣ ሴቶቹ በግራና በቀኝ ተቀምጠው። መርዶዋ ሁለት ጊዜ ሆነባት። ሁለተኛው ግን እንደ ወጉ ነው።

የጻፍኩት አንቺ የሰማሽውን ነው። «ቀድሜው ሄድኩ፤ ይከተለኛል ብዬ። ስመለስ አላገኘሁትም።» የመጨረሻዋን ለጠበቃዋም አልነገርኩም ነበር። ተመልሻለሁ እየሩስ። የግማሽ ቀን መንገድ ተመልሻለሁ። ይህን ላንቺ የነገርኩሽ ለጽሑፍ አይደለም።

እናቴ አንብበውላት ከጨረሱ በኋላ ሁለት ቀን አልደወለችም፣ እኔም አልደወልኩም። አለቀ፣ እናቴንም እዚያው ጫካ ውስጥ ቀበርኳት አልኩ። በሦስተኛው ቀን ፋብሪካው ውስጥ የሥራ መስመሩ ላይ ቆሜ ሥጋ ስቆርጥ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ። ሱፐርቫይዘሩ እያየኝ ወጣሁ።

«ወለተ ኪሮስ» አለችኝ።

«አቤት እማዬ።»

«አብረሽው ብትቀሪ ኖሮ ማን ይነግረኝ ነበር?»

ቆሜ አለቀስኩ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ላለቅሰው የሚገባኝን ሁሉ። እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። አልዘጋችውም።

ይቅር በይኝ ብለሻል። ዛሬ እሺ ብልሽ ውሸት ይሆናል፣ ውሸት ደግሞ በቃን። አሁንም አንዳንድ ቀን ያ ስልክ ቁጥር ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ነገር ግን መርዶ ያረዳ ሰው ነግሮ ተነስቶ አይሄድም፤ ከሐዘንተኛዋ ጋር ቁጭ ይላል። ስለዚህ አንቺም አትሂጂ። ጻፊልኝ። ቁጥርሽንም ከፍቼዋለሁ፤ ደውለሽ ዝም ብትዪም ችግር የለም፣ ለምጄዋለሁ።

የካቲት ላይ ሙት ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛው። የመጀመሪያው እናቴ ሳታውቀው አልፏታል፤ የዘንድሮውን እሷ እዚያ ታወጣዋለች። እዚያ ፌርፋክስ ደግሞ ወረቀቱን እንደ ድሮው አንቺ አድርሺልኝ። በራስሽ እጅ «ኪዳነ ማርያም» ብለሽ ጻፊ። አታጣጥፊው። አሁን ሰው ቢያይሽም ግድ የለም።

እትዬሽ ሰገነት